ከቀኝ ነው ከግራ?

ኅዳር 14 ቀን 2018፣ እሑድ

ያ ዕጣ የኔ አልነበረም።

ይኸው ጻፍኩት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ከአፌ አልወጣም፣ በእጄም አልጻፍኩትም። ዕጣው የጉርሜሳ ነበር። ያን ቀን ስታዲየም መግባት የነበረበት እሱ ነው። የገባሁት ግን እኔ።

ቀኑ እንደ ሌላው እሑድ ነበር። ቅዳሴ ሄድኩ። ከዚያ ወደ ጉርሜሳ ቤት። ነገ ጾም ይገባል፣ ቅበላ ነው ብሎ ጠርቶኝ ነበር። ሚስቱ ጤናዬ ጥብስ አቅርባ «ጋሽ ጌቱ ብላ እንጂ፣ ነገ ሽሮ ነው» ትለኛለች። ጉርሜሳ ደግሞ «እሱ ምን ቸገረው፣ ጾም ይወዳል። በሚስቴ ቁጣ የምጾመው እኔ ነኝ።» ተሳሳቅን። ከአጥሩ ወዲያ ኮንዶሚኒየም፣ ከአጥሩ ወዲህ ሁለት ላሞቹ። ላፍቶ ውስጥ ከአባቱ እርሻ ተቆራርሳ የቀረችው ይህች ቁራጭ ናት።

በልተን ስንጨርስ ጠየቀኝ። እንደሚጠይቀኝ አውቅ ነበር። ታኅሣሥ ሲቃረብ ሁልጊዜ ይጠይቃል።

«ጌቾ፣ ያቺ ጎል... ከቀኝ ነው ከግራ?»

«ከቀኝ።»

«አምና ከግራ ነው ያልከኝ።»

«እ... ከቀኝ ተነስታ ወደ ግራ ነው።»

«ካቻምናም ከግራ ነበር።» ሳቀ። «አረጀህ በቃ!»

እኔም ሳቅኩ።

ልጁ ቢሊሱማ ሬዲዮ ጣቢያ ነው የምትሠራው። ስለ ሰማንያው ዋንጫ ፕሮግራም እያዘጋጀች ነው። ጎረቤት አገሮች አዲስ አበባ መጥተው የተጫወቱበት፣ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፈን ዋንጫውን እዚሁ ያስቀረንበት። «ጋሼ ጌቱ፣ በዓይኑ ያየ ሰው ነው የምፈልገው። ከእርስዎ ሌላ ማን አለኝ?» ታኅሣሥ 12፣ እሑድ፣ እዚያው ቤት ልትቀርጸኝ ነው። አባቷም ከጎኔ ይቀመጣል።

«የሰፈሩ ምስክር እኮ እሱ ነው» አለ ጉርሜሳ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገው።

ምስክር...


ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

የማክሰኞን ዳዊት ደገምኩ። ሃምሳኛው መዝሙር ላይ ስደርስ እንደ ወትሮው ዘለልኩት። ያቺ የዕጣ ወረቀት ያለችው እዚያ ገጽ ውስጥ ነው። «ማረኝ» የሚለውን የምዘል ሰው ምን ዓይነት ሰው ነኝ?


ኅዳር 17

እንዴት እንደሆነ ልጻፈው። አሳምሬ ሳይሆን እንደሆነው።

ፋብሪካችን ያኔ ብርድ ልብስ ይሠራ ነበር። አሁን ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። እኔ ሽመና፣ ጉርሜሳ ማቅለሚያ ክፍል። እጁ እስከ ክርኑ ሰማያዊ። የፋብሪካው ቡድን በረኛ እሱ ነበር። ኳሷን በያዘ ቁጥር ቀለም ያስነካታል፣ እያሉ ይስቁበት ነበር። ስለ ኳስ ግቢው ውስጥ ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ እንኳ ኳስ ያን ያህል አልወድም። ይህንንስ ለማን ነግሬ አውቃለሁ?

ለፍጻሜው ጨዋታ ሁለት ትኬት ደረሰን። አንድ ለሴት፣ አንድ ለወንድ። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ቦንሳ በዕጣ ይሁን አለ። ስም የጻፈችው የመዝገብ ቤቷ ትሩፋት ናት። ያኔ ሚስቴ አልነበረችም። «እንደምን አደርሽ» ብዬ እንኳ ደፍሬ አላውቅም። ወረቀት ቁጠባ ስለነበር ሙሉ ስም የለም። የስም መነሻና የአባት መነሻ ብቻ። እኔ ጌቱ ዋሴ፣ ጌ/ዋ። እሱ ጉርሜሳ ዋቅቶላ፣ ጉ/ዋ።

የሴቶቹ ቀድሞ ወጣ። ለራሷ ለትሩፋት! «ጻፊም አንቺ፣ ውሰጂም አንቺ!» ተባለ። ፊቷ ቀላ።

የወንዶቹን ማን ያውጣ ሲባል ጉርሜሳ እጁን ዘረጋ። ጓድ ቦንሳ «ኧረ አንተ ቀለም ልትቀባው ነው! ጌቱ፣ ና አንተ አውጣ፣ እጅህ ንጹሕ ነው» አለ።

እጅህ ንጹሕ ነው።

ስሞቹ ከተቀመጡበት ባርኔጣ ውስጥ አንዷን አወጣሁ። ዘረጋኋት። ጉ/ዋ። ቀና ስል ትሩፋት ታየኛለች። ጉርሜሳም ያየኛል፣ ጥርሱ ሁሉ ወጥቶ። እና «ጌ ዋ» አልኩ። «ጌ ዋ... እኔ ነኝ መሰለኝ።»

መሰለኝ! እዚያች ላይ እንኳ መሸሻ ቀዳዳ ትቼ ነበር።

ወረቀቷን ወዲያው ኪሴ ከተትኩ። ማንም አሳየኝ አላለኝም። ቀድሞ ያቀፈኝ ጉርሜሳ ነው። «እንኳን ላንተ ሆነ! ለሌላ ሰው ቢወጣ ነበር የምናደደው።» ሸሚዜ ላይ የጣቶቹ ሰማያዊ ቀረ።

ትኬቶቹ ጎን ለጎን ነበሩ። ግንቦት ላይ እኔና ትሩፋት ተጋባን። ሚዜዬ ጉርሜሳ ነበር።


ኅዳር 21፣ እሑድ፣ ጽዮን

ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ኢያቄም ጋ ተቀመጥኩ። የንስሐ አባቴ ናቸው። በዕድሜ ከልጄ ከሄርሜላ እኩል ይሆናሉ፣ እኔ ግን አባቴ እላቸዋለሁ።

ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። «ሰው አታልያለሁ» ብዬ ብቻ። ዛሬ ስም ጠራሁ።

እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ፣ «ለእግዚአብሔር ነገርከው። ለባለቤቱስ?»

«አባቴ፣ ምን ብዬ እመልስለታለሁ? ጨዋታው አለቀ። ትኬት አይደል ተመልሶ አይሰጥ...»

«ትኬት መልስ ማን አለህ?»

«ስግደት ይስጡኝ።»

ሳቅ አሉ። «አየህ፣ ስግደት የሚከብደው ለጉልበትህ ነው። እኔ የምሰጥህ ለምላስህ የሚከብደውን ነው።»

«ጓደኝነታችን ቢቀርስ? ትሩፋት ካረፈች ወዲህ ያለኝ ሰው እሱ ነው። ልጄ አዳማ ናት፣ በስልክ ናት። በሬን የሚያንኳኳ ሌላ ሰው የለኝም።»

መስቀሉን ግንባሬ ላይ አሳርፈው ተነሱ።


ኅዳር 24

ሠላሳ ስምንት ዓመት አንዲት ማምለጫ ነበረችኝ። ፊደሎቹ ተመሳስለውብኝ ይሆናል... ጉ እና ጌ ምን ያህል ይራራቃሉ? አንዲት ጭረት ወዲህ፣ አንዲት ቀለበት ወዲያ። ቸኩላ የጻፈችው፣ ጥፍር በምታክል ወረቀት ላይ። ሰው ይሳሳታል።

ዛሬ ትሩፋት የጽዋ ማኅበሯን አባላት ስም ትይዝበት የነበረውን ደብተር ከሳጥን አወጣሁ። ጌጤነሽ፣ ጌጡ፣ ጌታሁን... ጌ ስትጽፍ ቀለበቷን እንደ ምስር ፍሬ ክብ አድርጋ ነው የምታሳርፋት። ሁሉም ላይ። አንድም የተድበሰበሰ የለም። ከዳዊቴ ውስጥ ወረቀቷን አውጥቼ ከጎኑ አደረግኋት። ጭረት። ጥርት ያለች ጭረት፣ ከጎን የወጣች። ጉ።

ማምለጫዬ አለቀች።

ሌላም ነገር ታየኝ፣ እንዴት እስከዛሬ እንዳልታየኝ እንጃ። ዕጣው ካለቀ በኋላ ባርኔጣውን ያነሳች እሷ ናት። የቀሩትን ወረቀቶች አንድ በአንድ አውጥታ ጀርባቸውን ለሌላ ዕጣ ትጠቀምባቸው ነበር። ጌ/ዋ እዚያ ውስጥ ቀርታለች! የኔዋ፣ ያልወጣችው። ካየቻት...

አውቃ ነበር እንዴ? አውቃ ነው ከጎኔ የተቀመጠችው? አውቃ ነው ያገባችኝ?

በመጨረሻ ሕመሟ ጊዜ «ጉርሜሳን አደራ፣ ደህና አድርገህ ያዘው» ብላኝ ነበር። ያኔ ብቻህን እንዳትቀር ማለቷ መስሎኝ ነበር። አሁን አላውቅም። መጠየቂያም የለኝም።


ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ልነግረው ሄጄ ነበር።

ከሰፈሬ፣ ከሀይሌ ጋርመንት፣ በታክሲ። መንገዱን ሁሉ አፌ ውስጥ አዘጋጀሁት። «ጉርሜ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ሳትቆጣ ሳይሆን ተቆጥተህ ስማኝ።» ጥሩ አባባል መስሎኝ ነበር። ወራጅ ሳልል ሁለት ፌርማታ አለፍኩ።

ስደርስ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ያቺን አሮጌ ሬዲዮ በጨርቅ ይወለውላል። ቢሊሱማ ለፕሮግራሙ ፎቶ ላንሳት ብላ አስወጥታት ነው።

«ይህቺ ናት የከዳችኝ» አለ። «ላሞቹን ይዤ ሜዳ ላይ ነበርኩ። አንድ ለባዶ እየተመራን ነው። ሰዓቱ እየሄደ ነው። የባትሪ ድንጋዩ አለቀባት! አወጣሁና ፀሐይ አስመታሁት። በጥርሴ ነከስኩት። ሰው ድንጋይ ይበላል? እኔ በላሁ። መልሼ ከተትኩት፣ ተናገረች። ጩኸት ብቻ! አንድ ሚሊዮን ሰው የሚጮህ ይመስላል። ገባ ማለት ነው። እንዴት ገባ? ከየት መጣ? ምንም!»

«ጉርሜ...»

«ቆይ ልጨርስ። በማግስቱ ፋብሪካ በር ላይ ጠበቅኩህ፣ ትዝ ይልሃል? አንተ ባትነግረኝ ኖሮ ያቺ ጎል እስከዛሬ ለኔ አልገባችም ነበር እኮ። ያየኋት ባንተ ዓይን ነው።»

ባንተ ዓይን።

«ምን ልትለኝ ነበር?» አለኝ።

«ጫማህ ተፈቷል።»

እውነትም ተፈቶ ነበር። ጎንበስ ብዬ አሰርኩለት። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።


ኅዳር 28

ዛሬም አልነገርኩትም። ጉርሜሳ ደወለ፣ አላነሳሁም።


ታኅሣሥ 2

የቀረውን ልጻፍ። የመጀመሪያው ሌብነት ነበር። ይኼ ደግሞ ምን እንደሚባል አላውቅም።

ቦታችን ስታዲየሙ ውስጥ «ከማን አንሼ» የሚባለው መቀመጫ ነበር። ስሙ ራሱ አላገጠብኝ። ትሩፋት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ትጮኻለች። እንደዚያ ትጮኻለች ብዬ አስቤ አላውቅም፣ መዝገብ ቤት ስትናገር እንኳ አትሰማም። እኔ ግን ማየት አቃተኝ። በረኛው ኳስ በያዘ ቁጥር ሰማያዊ እጅ ይታየኛል።

እየተመራን ነው። ሰዉ ዝም እያለ መጣ። አንዳንዱ ተነስቶ መውጣት ጀመረ። ያኔ ጭንቅላቴን ጉልበቴ ላይ ደፋሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። እንዲህም አልኩ፦ «አቤቱ ይህቺን አንዲት ጎል አግባልን፣ ነገ ጠዋት ለጉርሜሳ እነግረዋለሁ።»

ስለት ነው። ሰው በሬ ይሳላል፣ ጥላ ይሳላል። እኔ ምላሴን ተሳልኩ።

አሜን ሳልል ምድር ተናወጠ። የሆነ ሰው ከላይ ወደቀብኝ። ትሩፋት አንገቴን ይዛ ትንጠኛለች። «አየኸው? አየኸው? በዚህ በኩል መጣ፣ በዚህ በኩል አድርጎ...» እጇን ወዲያም ወዲህም ታወናጭፋለች። በየትኛው በኩል? «አየሁ» አልኳት።

አላየሁም። ጉርሜሳ በጥርሱ ድንጋይ የነከሰላትን ጎል እኔ እፊቷ ተቀምጬ አላየኋትም። ለዚህ ነው አንድ ዓመት ከቀኝ፣ አንድ ዓመት ከግራ የምለው።

በማግስቱ ልነግረው ነበር የሄድኩት። እውነት ነው፣ ልነግረው ነበር። ፋብሪካው በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ገና አፌን ሳልከፍት፣ «ጌቾ! ከቀኝ ነው ከግራ?»

«ከቀኝ» አልኩ።

ስለቴ እዚያች ላይ ቀረ።


ታኅሣሥ 6

ቢሊሱማ ጋ ደወልኩ። ጉሮሮዬን ታምሜያለሁ፣ ሌላ ሰው ፈልጊ አልኳት። አሞኝ አይደለም።

«ኧረ ጋሼ ጌቱ፣ ችግር የለም፣ እስከ እሑድ ይሻልዎታል። አባዬ እኮ ነጭ ሸሚዙን ከአሁኑ አስተኩሷል። የሚቀርጹት እሱን ይመስል!»

በጾም ውሸት። በስልክ፣ ተቀምጬ፣ ሳል እያስመሰልኩ። ስልሳ አምስት ዓመቴ ነው።


ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ

ዳዊት ላይ እያለሁ በሩ ተንኳኳ። ጉርሜሳ! በዚያ በሚያመው ጉልበቱ አራት ፎቅ ወጥቶ። ደረጃው መጨረሻ ላይ ቆሞ ያለከልካል። በእጁ ማር በዝንጅብል፣ በፕላስቲክ ዕቃ።

«ጤናዬ ናት የላከችልህ። ትኩስ ውኃ ላይ አድርገህ ጠጣ። ድምፅህን እሑድ እንፈልገዋለን።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

«ድምፅህ ደህና ነው እኮ!»

«ጠዋት ጠዋት ይሻለኛል።»

ወንበር ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። ዳዊቴ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ አርባ ዘጠነኛው ላይ ተከፍቶ። አንድ ቅጠል ብቻ ነው የቀረው። ማር ዕቃውን ለማስቀመጥ ዳዊቱን በአንድ እጁ አነሳው። «ዓይንህ ያለ መነጽር ይኼን ያነባል? እኔ ግን...» ይላል፣ ቅጠሉን በአውራ ጣቱ ገለጥ እያደረገ።

ዘልዬ ተቀበልኩት። መቀበል አይደለም፣ ነጠቅኩት።

አየኝ።

«ምን ሆነሃል ጌቾ?»

«ምንም።»

«ትሩፋት ካረፈች ወዲህ እንዲህ ሆነህ አላየሁህም።»

እዚያች ላይ ልነግረው እችል ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ። ወረቀቷ በእጄ ውስጥ፣ ከቆዳው ሽፋን ጋር። ማሩን ቀምሰን ሄደ። ደረጃውን ሲወርድ ቆሜ ሰማሁት። አንድ፣ ከዚያ እረፍት። አንድ፣ ከዚያ እረፍት።

ላልታመመ ጉሮሮ አራት ፎቅ ወጣ። ከዚህ በላይ ምን እጠብቃለሁ?


ታኅሣሥ 10

ልብ እንጂ ቃል አይደለም ያጣሁት።


ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

ነገ ነው።

ሁለት መንገድ አለኝ። መቅጃው ፊት ተቀምጬ «ከቀኝ» ማለት። ቢሊሱማ ደስ ይላታል፣ ጉርሜሳ ይስቃል፣ ሬዲዮ ላይ ይወጣል፣ አገር ይሰማዋል። ከዚያ በኋላ ማውጫ የለኝም። ውሸቴ ከኔ በላይ ይኖራል።

ወይም ከመቀረጹ በፊት ቀድሜ ሄጄ መንገር። ካዘነብኝ ይዘን። ካባረረኝ ይባርረኝ። ለአገር ከመነገሩ በፊት ለባለቤቱ ይነገር።

ሄርሜላ ደወለች። «አባቴ ድምፅህ ልክ አይደለም» አለችኝ። ነገ ይሻለኛል አልኳት። ይህኛው ውሸት እንዳይሆን።


ታኅሣሥ 12፣ እሑድ፣ ሚካኤል

ነገርኩት።

ከቅዳሴ በቀጥታ ሄድኩ። ዳዊቴን በነጠላዬ ጠቅልዬ። ጉርሜሳ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ላሞቹ ጋ ቆሟል፣ ጭድ ሊያቀርብ። ጤናዬ ከውስጥ «ኧረ ሸሚዙን! ኧረ ይኼ ሰውዬ!» ትላለች። ቢሊሱማ ሳሎን ውስጥ ወንበር ታስተካክላለች።

«ጉርሜ፣ ከመቀረጹ በፊት የምሰጥህ ነገር አለ።»

«ጉቦ ነው?»

ወረቀቷን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። መነጽር አላደረገም። ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ ዓይኑን አጠበበ።

«ጉ... ዋ። ጉ ዋ። ምንድን ነው?»

«ዕጣው ነው። የሰማንያው። ጓድ ቦንሳ እጅህ ንጹሕ ነው ብሎ ያስወጣኝ።»

መልሶ አነበበው። ፀሐዩ ወዳለበት ዞሮ።

«ጌ ነው ያልከው እኮ።»

«ጌ አይደለም። ያኔም አይቼዋለሁ። ያንተን ስም አይቼ የራሴን ጠራሁ።»

ላሚቱ ታኝካለች። ጎንበስ ብሎ አንድ እቅፍ ጭድ አነሳ፣ ገንዳው ውስጥ ጣለ። ከዚያ ሌላ እቅፍ። ሸሚዙ ላይ ጭድ ተጣበቀ። አላራገፈውም።

«አቅፌህ ነበር እኮ» አለ።

«አዎ።»

«ሚዜህ ሆኛለሁ።»

«አዎ።»

«ከትሩፋት ጎን ያለችው ወንበር ታዲያ...» ጀመረና ወደ ቤቱ ዞሮ አየ። «ተወው። ጤናዬ ትሰማለች።» እንደ ቀልድ ነው የተናገረው። ፊቱ ግን አልሳቀም።

«ትሩፋትስ ታውቅ ነበር?» አለኝ።

«እንጃ። አላውቅም።»

«ባርኔጣውን ያነሳችው እሷ ናት እኮ።» እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት የፈጀብኝን እሱ ወዲያው አየው።

መሄድ ፈለግኩ። ግን ግማሹን ነግሬ ግማሹን ይዤ መመለስ... «ሌላም አለ» አልኩ።

«ገና?»

«ጎሏን አላየኋትም። ስትገባ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ብታገባልን ለጉርሜሳ እነግረዋለሁ ብዬ እየተሳልኩ። ትሩፋት ናት የነገረችኝ። እሷም በእጇ እንጂ... ከየት እንደመጣች አላውቅም።»

ይህን ጊዜ ቀና አለ። ከዚያ በፊት እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

«ያ ዋቅ! አንተ ሰውዬ፣ ወንበሬን ወስደህ ዓይንህን ጨፈንክ?»

«አባዬ! ጋሼ ጌቱ! ዝግጁ ነኝ!» ቢሊሱማ ከውስጥ።

«ልሂድ» አልኩት። «ታመመ በላት።»

«የት ነው የምትሄደው? ግባ።» ድምፁ የማላውቀው ሰው ድምፅ ነበር። ወረቀቷን ሸሚዝ ኪሱ ከተተ። ቀድሞኝ ገባ።

ጎን ለጎን ተቀመጥን። ቢሊሱማ መቅጃዋን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። ቀይ መብራቷ በራች። «ጋሼ ጌቱ፣ ያን ቀን ስታዲየም...» ስትል እጁን አነሳ።

«ቆይ። መጀመሪያ እኔ ልጠይቀው።»

ወደኔ ዞረ። «ጌቱ» አለኝ። ጌቾ አላለኝም። «ያቺ ጎል... ከቀኝ ነው ከግራ?»

ቀይዋን መብራት አየሁ። እሱን አየሁ።

«አላየሁም» አልኩ። «ስታዲየም የገባሁት በጉርሜሳ ዕጣ ነው። ስሙን አይቼ የራሴን ጠርቼ። ጎሏ ስትገባም ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። አላየሁም።»

ጤናዬ በሩ ላይ ትሪ ይዛ ቆማ ቀረች። ቢሊሱማ አባቷን አየችው። «አባዬ... ልቁረጠው?»

«አትቁረጪ። አሁን እኔን ጠይቂኝ። እኔ ሜዳ ላይ ነበርኩ፣ በዚች ሬዲዮ።» ጉልበቱ ላይ አስቀመጣት። ከዚያ ተናገረ። ሰዓቱን፣ የጋዜጠኛውን ድምፅ፣ ፀሐይ ያስመታውን ድንጋይ፣ የነከሰውን ጥርስ። ይህቺን ታሪክ መቶ ጊዜ ሰምቻታለሁ፣ መቶ ጊዜም አቋርጫታለሁ፣ ጥያቄዋ ሳትመጣ ቶሎ ልሽሽ ብዬ። ዛሬ እስከ መጨረሻው ሰማኋት። ያቺን ጎል ያየ ሰው ካለ እሱ ነው።

ሲያልቅ ተነሳሁ። ሁልጊዜ እስከ አስፋልቱ ይሸኘኝ ነበር። ዛሬ ከወንበሩ አልተነሳም። ጤናዬ ናት በር ድረስ የመጣችው። ግቢውን ሳልወጣ ከኋላዬ ጠራኝ።

«ነገ እንዳትመጣ።»

«እሺ።»

ጥቂት ሄድኩ።

«ሐሙስ ና።»

ወረቀቷን አልመለሰልኝም። የሱ ናት።

ቤት ገብቼ ማክሰኞ እስኪደርስ አልጠበቅኩም። ሃምሳኛውን ከፈትኩ። ወረቀቷ የነበረችበት ቦታ ጥፍር የምታክል ነጭ ምልክት ቀርታለች፣ ዙሪያዋ ቢጫ። በላይዋ ላይ እያለፍኩ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት።